ያልተፈቀደ ዲኤችሲፒ ሰርቨር

ያልተፈቀደ ዲኤችሲፒ ሰርቨር ማለት በአንድ የአካባቢ ኔትወርክ ላይ፣ ከኔትወርኩ አስተዳዳሪ እውቅና ውጭ፣ ለኮምፒውተሮች፣ ለስልኮችና ለሌሎች መሣሪያዎች የአይፒ አድራሻ የሚያድል መሣሪያ ወይም ፕሮግራም ነው። ከእርሱ አድራሻ የተቀበለ መሣሪያ በአብዛኛው ኢንተርኔት ያጣል። በከፋ ሁኔታ ደግሞ ተጠቃሚው ሳያውቅ የሚልከውና የሚቀበለው ሁሉ በሌላ ሰው እጅ በኩል ያልፋል።

ችግሩ በትምህርት ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በሆቴሎች የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ መነሻው ጥቃት ሳይሆን አንድ ሰው በቅን ልቦና የሰካው አነስተኛ የዋይፋይ ራውተር ነው። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ፈተናዎች በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ ይህን ችግር አስቀድሞ መከላከል ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ዋናው መከላከያ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የተባለው የስዊች አሠራር ነው።

## የዲኤችሲፒ አሠራር

አንድ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ለማግኘት አራት ነገሮችን ማወቅ አለበት፦ የራሱን የአይፒ አድራሻ፣ የኔትወርኩን ወሰን የሚያሳየውን ሰብኔት ማስክ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ጌትዌይ እና የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚለውጠውን የዲኤንኤስ ሰርቨር። እነዚህን በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ከአንድ ቦታ በራስ ሰር የሚያድለው ፕሮቶኮል ዲኤችሲፒ ይባላል።

ንግግሩ በአራት መልእክቶች ይካሄዳል፦

1. ፍለጋ። ገና አድራሻ የሌለው ኮምፒውተር «አድራሻ የሚሰጥ አለ?» የሚል መልእክት በኔትወርኩ ላይ ላሉት ሁሉ ይለቃል። ይህ መልእክት ዲስከቨር ይባላል።
2. አቅርቦት። ጥሪውን የሰማ ማንኛውም ዲኤችሲፒ ሰርቨር አንድ ነጻ አድራሻ መርጦ ያቀርባል። ይህ መልእክት ኦፈር ይባላል።
3. ጥያቄ። ኮምፒውተሩ ከቀረቡለት አንዱን መርጦ «ይህን ስጠኝ» ይላል። ይህ ሪኩዌስት ነው።
4. ማጽደቅ። የተመረጠው ሰርቨር አድራሻውን ከነ ጌትዌዩና ከነ ዲኤንኤሱ ያጸድቃል። ይህ አክ ይባላል።

ሰርቨሩ በዩዲፒ ፖርት ቁጥር 67፣ ጠያቂው ደግሞ በቁጥር 68 ይነጋገራሉ። አድራሻው የሚሰጠው ለዘለቄታው ሳይሆን ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ይህ ጊዜ ሊዝ ይባላል። የሊዙ ግማሽ ሲደርስ ኮምፒውተሩ አድራሻውን የሰጠውን ያንኑ ሰርቨር በቀጥታ አነጋግሮ ያሳድሳል።

የችግሩ ሥር በሁለተኛውና በሦስተኛው እርምጃ መካከል ይገኛል። ኮምፒውተሩ አቅርቦቱ ከትክክለኛው ሰርቨር የመጣ ይሁን አይሁን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ቀድሞ የደረሰውን አቅርቦት ይቀበላሉ። ለከተማው እንግዳ የሆነ መንገደኛ መናኸሪያ ላይ ወርዶ አቅጣጫ ሲጠይቅ ቀድሞ የመለሰለትን እንደሚያምነው ሁሉ፣ ኮምፒውተሩም ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል። ስለዚህ ያልተፈቀደው ሰርቨር ማሸነፍ የሚያስፈልገው በፍጥነት ብቻ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ስዊች ላይ የተሰካ መሣሪያ፣ በሌላ ሕንፃ ካለው ትክክለኛ ሰርቨር ቀድሞ መመለሱ የሚያስገርም አይደለም።

## ታሪክ

የዲኤችሲፒ ቀዳሚ የሆነው ቡትፒ የተባለ ፕሮቶኮል ሲሆን፣ ቢል ክሮፍትና ጆን ጊልሞር ደንቡን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1985 አሳትመዋል። ቡትፒ አስተዳዳሪው የእያንዳንዱን ኮምፒውተር አድራሻ አስቀድሞ እንዲመዘግብ ይጠይቅ ነበር። ዲኤችሲፒ ይህን ሸክም ያነሳው አድራሻዎችን ከአንድ ክምችት እየወሰደ በሊዝ በማደል ነው። የመጀመሪያው ደንብ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1993 ወጣ። ዛሬም መሠረት የሆነው፣ ራልፍ ድሮምስ ያዘጋጀው አርኤፍሲ 2131 ደግሞ በመጋቢት 1997 ታተመ። ይህ ሰነድ ራሱ በደኅንነት ክፍሉ ያልተፈቀዱ ሰርቨሮች በቀላሉ ሊቆሙ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የዲኤችሲፒ መልእክቶችን በምስጢር ቁልፍ ለማረጋገጥ የሚያስችል አርኤፍሲ 3118 የተባለ ደንብ ወጣ። ይሁን እንጂ ቁልፉን አስቀድሞ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ማስገባት ስለሚጠይቅ፣ ሥራውን ለማቅለል የተፈጠረውን ፕሮቶኮል መልሶ ከባድ አደረገው፤ በሰፊው ሥራ ላይም አልዋለም። በመሆኑም መከላከያው ከፕሮቶኮሉ ወጥቶ መልእክቶቹን ወደሚያስተላልፈው መሣሪያ፣ ማለትም ወደ ስዊቹ ተዛወረ።

## መነሻዎች

የቤት ራውተር። በጣም የተለመደው መነሻ ይህ ነው። አንድ መምህር ወይም ሠራተኛ በቢሮው ዋይፋይ እንዲኖረው ትንሽ ራውተር ገዝቶ ከግድግዳው የኔትወርክ ሶኬት ጋር ያገናኛል። እነዚህ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ዲኤችሲፒ ሰርቨራቸው ክፍት ነው። ገመዱ ዋን በሚለው ፖርት ከተሰካ ራውተሩ ከዋናው ኔትወርክ አንድ አድራሻ ተቀብሎ ለራሱ ተጠቃሚዎች ብቻ ያድላል። ላን ከሚሉት ፖርቶች በአንዱ ከተሰካ ግን ለመላው ኔትወርክ አድራሻ ማደል ይጀምራል። ልዩነቱ የአንድ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ኢንተርኔት ማጋራት። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የኢንተርኔት ማጋሪያው ወደ ገመድ ኔትወርኩ አቅጣጫ ከተከፈተ ኮምፒውተሩ ራሱ ዲኤችሲፒ ሰርቨር ይሆናል። ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ባሉት እትሞች በዚህ መንገድ የሚታየው የጌትዌይ አድራሻ 192.168.137.1 ነው። የስልክ ሆትስፖት ግን የራሱን የተለየ ኔትወርክ ስለሚፈጥር በተለመደው አጠቃቀም የገመድ ኔትወርኩን አያውክም።

የልምምድ ሰርቨር። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በቨርቹዋል ማሽን ላይ ዲኤችሲፒ ሰርቨር ጭነው ሲለማመዱ፣ ማሽኑ ከእውነተኛው የኔትወርክ ካርድ ጋር በብሪጅ ከተገናኘ ልምምዱ ወደ ላብራቶሪው ሁሉ ይፈስሳል።

ጎጂ ሶፍትዌር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የደኅንነት ኩባንያዎች በተበከለ ኮምፒውተር ላይ ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚያቆም ፕሮግራም አገኙ። ፕሮግራሙ ለጎረቤት ኮምፒውተሮች የአጭበርባሪዎችን ዲኤንኤስ ሰርቨር ያድል ነበር። በዚህም ያልተበከሉ ኮምፒውተሮች ጭምር ወደ ሐሰተኛ ድረ ገጾች ይመሩ ነበር።

ሆን ተብሎ የሚደረግ ጥቃት። አጥቂ ብዙ ሐሰተኛ የማክ አድራሻዎችን እየፈጠረ የሰርቨሩን የአድራሻ ክምችት ሊያሟጥጥ ይችላል። ባለ 24 ቢት ሰብኔት ማስክ ያለው ኔትወርክ ለመሣሪያዎች የሚሆኑ 254 አድራሻዎች ብቻ ስላሉት ይህ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ትክክለኛው ሰርቨር ባዶ ሲሆን የአጥቂው ሰርቨር ያለ ተፎካካሪ ይቀራል።

## የሚያስከትለው ጉዳት

ሳያስቡት የተሰካ ራውተር የሚሰጠው ጌትዌይ ራሱ ራውተሩ ነው። ራውተሩ ወደ ኢንተርኔት የሚወስድ መንገድ ስለሌለው የተቀበሉት ሁሉ ከኢንተርኔትም ከተቋሙ ሰርቨሮችም ይቆረጣሉ።

የችግሩ አስቸጋሪ ጠባይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አለመምታቱ ነው። ጠዋት ከትክክለኛው ሰርቨር ሊዝ የወሰደ ኮምፒውተር ሲያሳድስ ያንኑ ሰርቨር ስለሚያነጋግር መሥራቱን ይቀጥላል። አዲስ የበራው ግን ሊወድቅ ይችላል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ካሉ ሁለት ኮምፒውተሮች አንዱ ሠርቶ ሌላው ሲያቆም ባለሙያው ኬብልን፣ የኔትወርክ ካርድን ወይም ቫይረስን ሊጠረጥር ይችላል።

አጥቂ ያቆመው ሰርቨር ግን ኢንተርኔትን አይቆርጥም፤ እንዲያውም ሁሉም ነገር እንደወትሮው እንዲመስል ይጥራል። ራሱን ጌትዌይ አድርጎ የተጠቃሚውን ግንኙነት በራሱ በኩል ያሳልፋል፣ ወይም ሐሰተኛ ዲኤንኤስ ይሰጣል። ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች የተመሰጠሩ ቢሆኑም፣ አጥቂው የትኞቹ ድረ ገጾች እንደሚጎበኙ ማየትና ያልተመሰጠረውን መለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ይፋ የሆነው ተነልቪዥን የተባለ ስልት ደግሞ፣ በዲኤችሲፒ አማራጭ ቁጥር 121 የመንገድ መመሪያ በመላክ የተጠቃሚው ግንኙነት ከቪፒኤን ውጭ እንዲሄድ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። አንድሮይድ ይህን አማራጭ ስለማይቀበል በስልቱ አልተነካም።

## የመለያ ምልክቶች

የመጀመሪያው ምልክት ኮምፒውተሩ የያዘው አድራሻ ከተቋሙ የአድራሻ ክልል ውጭ መሆኑ ነው። ለምሳሌ አንድ ላብራቶሪ ከ10.20.30.1 እስከ 10.20.30.254 ያለውን ክልል የሚጠቀም ከሆነና ኮምፒውተሩ 192.168.1.105 የሚል አድራሻ ካሳየ፣ አድራሻው የመጣው ከሌላ ሰርቨር ነው። በ192.168.0 ወይም በ192.168.1 የሚጀምሩ አድራሻዎች የቤት ራውተሮች የተለመዱ አድራሻዎች ናቸው።

በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ግን የተለየ ትርጉም አለው። ይህ ኮምፒውተሩ ከማንም ሰርቨር መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው አድራሻ ነው። ስለዚህ የሚያመለክተው የሰርቨር ወይም የመስመር መጥፋትን፣ አለዚያም የክምችት መሟጠጥን ነው።

በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት አይፒኮንፊግ የሚለው ትእዛዝ ከኦል ምርጫ ጋር ሲሰጥ፣ ዲኤችሲፒ ሰርቨር በሚለው መስመር ላይ አድራሻውን የሰጠው ማን እንደሆነ ያሳያል። ኤንማፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የፍለጋ መልእክት ልኮ የመለሱትን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዋየርሻርክ ደግሞ እያንዳንዱን መልእክት ከነላኪው የማክ አድራሻ ያሳያል። በማይክሮቲክ ራውተሮች ላይ ከታወቀው ሰርቨር ሌላ ሲመልስ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ክፍል አለ።

## መከላከያ

### ፋየርዎል ለምን አይበቃም

በተቋሙ መውጫ ላይ ያለ ፋየርዎል ይህን ችግር አያየውም። የፍለጋ መልእክቱና የሐሰተኛው ሰርቨር መልስ በአንድ ስዊች ከአንድ ፖርት ወደ ሌላ ፖርት ብቻ ስለሚሄዱ ወደ ፋየርዎሉ አይደርሱም። ስለዚህ የሚታገዱት በስዊቹ ላይ ነው።

### ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ

ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የስዊቹን ፖርቶች በሁለት ይከፍላል። ወደ ትክክለኛው ሰርቨር የሚወስደው ፖርት የታመነ፣ የቀሩት በሙሉ ያልታመኑ ይባላሉ። ካልታመነ ፖርት የፍለጋና የጥያቄ መልእክቶች እንዲያልፉ ይፈቀዳል። አቅርቦትና ማጽደቅን የመሰሉ የሰርቨር መልእክቶች ግን ካልታመነ ፖርት ሲመጡ ስዊቹ ይጥላቸዋል።

የዘዴው ብልሃት ስዊቹ የመልእክቱን እውነተኛነት ለመመርመር አለመሞከሩ ነው። የሚጠይቀው መልሱ በየት በኩል እንደገባ ብቻ ነው። ሐሰተኛ ሰርቨር የአይፒ አድራሻውንም የማክ አድራሻውንም ማስመሰል ይችላል፤ ገመዱ የተሰካበትን ፖርት ግን ከሩቅ ሆኖ መለወጥ አይችልም።

ስኑፒንግ ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉትን ይሠራል፦

* የትኛው የማክ አድራሻ፣ በየትኛው ፖርት፣ የትኛውን የአይፒ አድራሻ፣ ለስንት ጊዜ እንደወሰደ የሚያሳይ መዝገብ ይይዛል።
* በመልእክቱ ውስጥ የተጻፈው የማክ አድራሻ ከላኪው ጋር መመሳሰሉን ያያል፤ ይህም ክምችት ለማሟጠጥ የሚደረገውን አንዱን ስልት ያከሽፋል።
* ከአንድ ፖርት በሰከንድ የሚመጡ የዲኤችሲፒ መልእክቶችን ቁጥር ይገድባል።

በፖርቱ ላይ የሚፈቀዱ የማክ አድራሻዎችን ቁጥር የሚወስነው ፖርት ሴኩሪቲ ሲታከልበት ክምችትን ማሟጠጥ በጣም አስቸጋሪ ይሆናል። የሐሰት የአርፕ መልእክትን የሚያግደውና በተዋሰ የአይፒ አድራሻ መጠቀምን የሚከለክለው የስዊች አሠራርም ከላይ በተጠቀሰው መዝገብ ላይ የቆሙ ናቸው።

### ሲተገበር የሚያጋጥሙ ስህተቶች

የቅደም ተከተል ስህተት። ስኑፒንግ ሲከፈት ሁሉም ፖርቶች ያልታመኑ ሆነው ይጀምራሉ። ወደ ሰርቨሩ የሚወስደው ፖርት አስቀድሞ የታመነ ካልተባለ ትክክለኛው ሰርቨርም ይታገዳል። ስዊቾች በተከታታይ ሲያያዙ በእያንዳንዳቸው ላይ ወደ ሰርቨሩ አቅጣጫ ያለው ፖርት መታመን አለበት።

በግማሽ መክፈት። በሲስኮ ስዊቾች ላይ አሠራሩ በጠቅላላው ስዊች ላይም በሚፈለገው ቪላን ላይም መከፈት አለበት። አንዱ ብቻ ከተከፈተ ምንም ጥበቃ የለም።

አማራጭ 82። ብዙ ስዊቾች ጠያቂው የተሰካበትን ፖርት የሚገልጽ መረጃ በአማራጭ ቁጥር 82 ይጨምራሉ። አንዳንድ ሰርቨሮች ይህ የተጨመረበትን መልእክት ስለማይቀበሉ ተጠቃሚዎች አድራሻ ያጣሉ። መፍትሔው መጨመሩን ማቆም ወይም ተቀባዩ እንዲያምነው ማድረግ ነው።

መዝገቡን አለማስቀመጥ። ስዊቹ መብራት ሲያጣ በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው ያለው መዝገብ ይጠፋል። የአርፕ ጥበቃው ክፍት ከሆነ፣ መብራት ሲመለስ ሊዛቸውን ገና ያላሳደሱ ኮምፒውተሮች ያለ ጥፋታቸው ይታገዳሉ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ መዝገቡ በስዊቹ ቋሚ ማኅደር ወይም በሌላ ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ ማዘዝ ያስፈልጋል።

### ስኑፒንግ የሌላቸው ኔትወርኮች

ርካሽ የሆኑት፣ ምንም ማስተካከያ የማይቀበሉ ስዊቾች ስኑፒንግ የላቸውም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ካልተቻለ የሚከተሉት ይጠቅማሉ፦

* አንድ የሚስተካከል ስዊች ከተገኘ በኔትወርኩ መሃል ይቀመጣል፤ የየክፍሉ ርካሽ ስዊቾችም በተናጠል ካልታመኑ ፖርቶቹ ጋር ይያያዛሉ። ያን ጊዜ ሐሰተኛ ሰርቨር የሚጎዳው የገባበትን ክፍል ብቻ ነው።
* ፖርት አይሶሌሽን ያላቸው ስዊቾች ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ሊያደርጉ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሁሉም የሚያገኙት ወደ ሰርቨሩ የሚወስደውን መስመር ብቻ ነው።
* ከተጠቃሚ ፖርቶች በመነሻ ቁጥር 67 የሚመጣ የዩዲፒ መልእክትን ማገድ በብዙ ስዊቾች ይቻላል።
* ማይክሮቲክ መሣሪያዎች ከራውተርኦኤስ 6.43 ጀምሮ በብሪጅ ላይ ስኑፒንግ አላቸው።
* ቁጥራቸው በማይበዛ ቋሚ ኮምፒውተሮች ላይ አድራሻውን በእጅ መጻፍ ከዲኤችሲፒ ጥገኝነት ያላቅቃል። ነገር ግን ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ አድራሻ እንዳይይዙ ዝርዝሩ በጥንቃቄ መያዝ አለበት።

በዋይፋይ በኩል ተጠቃሚዎችን እርስ በርስ የሚለያየው አሠራር መከፈት አለበት። ከዊንዶውስ 2000 ወዲህ ያለው የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ፈቃድ ያልተፈቀዱ የዊንዶውስ ሰርቨሮችን ያስቆማል፤ የቤት ራውተርን ግን አይከለክልም።

### አይፒ ስሪት 6

ለአይፒ ስሪት 4 የተከፈተ ስኑፒንግ ስሪት 6ን አይጠብቅም። በስሪት 6 ጌትዌይን የሚያስታውቀው ዲኤችሲፒ ሳይሆን የራውተር ማስታወቂያ የተባለ መልእክት ነው። ይህን የሚያግደው አርኤ ጋርድ እ.ኤ.አ. በ2011 በአርኤፍሲ 6105፣ ሐሰተኛ የስሪት 6 ዲኤችሲፒ ሰርቨርን የሚያግደው አሠራር ደግሞ በ2015 በአርኤፍሲ 7610 ተገልጸዋል።

## በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሰፋፊ የአካባቢ ኔትወርኮች ካሏቸው ተቋማት መካከል ዩኒቨርሲቲዎች ግንባር ቀደም ናቸው። ወረዳኔት የወረዳ አስተዳደሮችን፣ ስኩልኔት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለማገናኘት የተዘረጉ ፕሮጀክቶች ናቸው። በእነዚህ ተቋማት ኔትወርኩን የሚጠቀመው ሰው ብዙ ነው፤ የግድግዳ ሶኬቶቹም ለብዙ እጅ ክፍት ናቸው።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለቅድመ ምረቃ ተመራቂዎች በሰፊው በኮምፒውተር መሰጠቱና፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኦንላይን መሆኑ የኮምፒውተር ላብራቶሪን ወደ ፈተና አዳራሽነት ለውጦታል። ከዚያ በፊት የአንድ ክፍለ ጊዜ መስተጓጎል ብቻ የነበረው ችግር፣ በፈተና ሰዓት ሲደርስ የአንድን ተማሪ የዓመታት ልፋት የሚያስጨንቅ ይሆናል። ስለዚህ የፈተና ላብራቶሪዎች በራሳቸው ቪላን ተለይተው፣ ስኑፒንግ ተከፍቶላቸውና የማይፈለጉ የግድግዳ ሶኬቶች ተዘግተው መዘጋጀታቸው ተገቢ ነው።

እንደ ደብረ ታቦርና በዙሪያዋ እንዳሉት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ላሉ አካባቢዎች ሦስት ነገሮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ።

የመጀመሪያው የመብራት መቆራረጥ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሮቹ በአንድ ጊዜ በርተው አድራሻ ይጠይቃሉ። አነስተኛ ራውተር በጥቂት ጊዜ ተነሥቶ መልስ መስጠት ሲጀምር ትልቁ ሰርቨር ገና በመነሣት ላይ ይሆናል። በአዘቦት ቀን ጥቂት ኮምፒውተሮችን ብቻ ያሳስት የነበረ ራውተር በዚያች ሰዓት ክፍሉን በሙሉ ሊወስድ ይችላል። ዲኤችሲፒ ሰርቨሩንና ዋናውን ስዊች በዩፒኤስ ማስደገፍ ይህን ውድድር ያስቀራል።

ሁለተኛው የመሣሪያ ምትክ ነው። በክረምት መብረቅ ወይም በኃይል መዋዠቅ የተቃጠለ ስዊች ለጊዜው በተገኘው ርካሽ ስዊች ሲተካ፣ በቀድሞው ላይ የነበረው ጥበቃ አብሮ ይጠፋል። አዲሱ ስዊች መስመሩን ስላገናኘ ሥራው ያለቀ ይመስላል። የስዊቹን ማስተካከያ ቅጂ ማስቀመጥና ምትኩ ስኑፒንግ እንዳለው መመዝገብ ይህን ክፍተት ይዘጋል።

ሦስተኛው የባለገመድ መስመር ክብደት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ባለገመድ መስመር ያለው ተቋም ለብዙዎች ብቸኛው መገናኛ ነበር። አማራጭ በሌለበት ቦታ የአንድ ራውተር ስህተት የሚያቋርጠው የብዙ ሰዎችን ግንኙነት ነው።

በሕግ በኩል የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሆን ብሎ የኮምፒውተር ሥርዓትን ማወክንና የሰውን ግንኙነት መጥለፍን በወንጀል ያስቀጣል። ስለዚህ መረጃ ለመጥለፍ የቆመ ሐሰተኛ ሰርቨር በወንጀል ያስጠይቃል። ሳያውቅ ራውተሩን በተሳሳተ ቀዳዳ የሰካ ሠራተኛ ጉዳይ ግን በተቋሙ የአጠቃቀም ደንብ የሚታይ ነው።

## ችግሩ ሲከሰት የሚወሰዱ እርምጃዎች

1. ከተጎዳ ኮምፒውተር ላይ የዲኤችሲፒ ሰርቨሩን የአይፒ አድራሻ መመዝገብ።
2. በአርፕ ትእዛዝ የዚያን አይፒ የማክ አድራሻ ማግኘት። የማክ አድራሻው የመጀመሪያ ስድስት ምልክቶች የመሣሪያውን ፋብሪካ ስለሚያመለክቱ የሚፈለገው የትኛው ዓይነት ራውተር እንደሆነ ለመገመት ይረዳሉ።
3. በስዊቹ የማክ ሠንጠረዥ ላይ አድራሻው በየትኛው ፖርት እንደሚታይ መፈለግ። ፖርቱ ወደ ሌላ ስዊች የሚወስድ ከሆነ በዚያኛው ስዊች ላይ ፍለጋውን መቀጠል።
4. የተገኘውን ፖርት መዝጋት። የሚስተካከል ስዊች ከሌለ በኤተርኔት ገመድ ወደ ሐሰተኛው ሰርቨር ፒንግ እየላኩ የየክፍሉን ገመድ አንድ በአንድ መንቀል፤ መልሱ የተቋረጠበት ገመድ ወደ መሣሪያው ይመራል።
5. የተጎዱትን ኮምፒውተሮች አድራሻ ማስለቀቅና እንደገና ማስጠየቅ። ሐሰተኛው ሰርቨር ከተነቀለ በኋላም ከእርሱ የተወሰደ አድራሻ ወዲያው ስለማይለቀቅ፣ ይህ ካልተደረገ ችግሩ ያልተፈታ ይመስላል።
6. መሣሪያውን የሰካውን ሰው ማነጋገር። ብዙውን ጊዜ ራውተሩ የተገዛው በዚያ ክፍል ዋይፋይ ስላልነበረ ነው። ራውተሩ ይፈለጋል ከተባለ የራሱ ዲኤችሲፒ ሰርቨር ተዘግቶ፣ አድራሻው ከሌሎች ጋር እንዳይጋጭ ተደርጎ፣ በላን ፖርቱ እንደ አክሰስ ፖይንት ብቻ ሊያገለግል ይችላል። ዋይፋይ ያጣው ክፍል መፍትሔ ካላገኘ ግን ሌላ ራውተር መሰካቱ አይቀርም።